የአንዳርጌ አማቾች

ሰው በሀብታም ይቀናል፤ በመልከ መልካም ይቀናል። እኔ ሞኙ በሬሳ ቀናሁ።

የአንዳርጌ ቀብር ዕለት ነው። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜአለሁ። እንደ ሰው አንገቴን ደፍቼ ማልቀስ ሲገባኝ ዘወር ብዬ ሕዝቡን አየሁት። ከስማዳ የመጣ አለ፤ ከጋይንት የመጣ አለ፤ ከየገጠሩ በቅሎ ጭኖ የመጣ አለ። ንፋስ መውጫ ያሉ ነጋዴዎች በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። «ይኼ ሁሉ ሰው ለእኔ ይመጣል?» ብዬ አሰብኩ። ሚስቴ ትመጣለች። ልጆቼ ይመጣሉ። ዕድሩም ይመጣል፤ የቀረ ሰው ስለሚቀጣ።

ሚስቴ ዘነቡ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«ኀዘን ነው እንጂ ምን አስባለሁ።»

«አውቅሃለሁ እኮ። ይኼ የኀዘን ፊት አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። አንዳርጌ ቆሞ ሲሄድ እንደዚያ ቀንቼበት፣ ተኝቶም አላስቀመጠኝም።

እኔ ንፋስ መውጫ ባለ አንድ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ነኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ባሕር ማዶ ላለ የማታውቀው ሰው «ገንዘብህን ለእኛ አገር ዓይን ሕክምና ብትሰጥ ምን ይመስልሃል?» ብለህ በሚያምር እንግሊዝኛ ትጽፋለህ። ሰውየው ደግሞ ካንተ በበለጠ በሚያምር እንግሊዝኛ «አልሰጥም» ይልሃል። ሥራው ይኸው ነው።

እንዲህ ስሠራ ቆይቼ የአጋርነት ኃላፊ የሚባል ቦታ ተከፈተ። ከለጋሾች ጋር የሚነጋገረው፣ እጅ የሚጨብጠው፣ ሆቴል የሚገባው ሰውዬ ማለት ነው። ለእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም ኮት ገዛሁ። እጅጌው ትንሽ ረዝሞ ጣቶቼን ይሸፍናል፤ ኃላፊ ስሆን ይስተካከላል ብዬ ተውኩት። ሰኞ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ቢሮ ስገባ፣ ሥራ አስኪያጃችን ሲስተር የሺ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጋር ቆማ አገኘኋት።

«ጌትነት፣ ተዋወቀው። አንዳርጌ ይባላል፤ የእስቴ ልጅ ነው። የአጋርነት ኃላፊያችን ነው።»

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ኮትህ ያምራል» አለኝ። የእሱ ኮት ልኩ ነበር።

ዲግሪያችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም ጤና ነው የተማርነው። እንዲያውም ውጤቴ ከሱ ይበልጣል፤ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። ድምፁ ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ድምፅ ነው። መናገር ሲፈልግ መጀመሪያ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ሲቆልፍ ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ ቁልፌን ስቆልፍ «ልትሄድ ነው?» ነው የምባለው። አንድ መስመር አይጽፍም። እስክሪብቶዬን ይወስዳል፣ አይመልስም። ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል። አርፍዶ ሲመጣ ግን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው ከመቀመጫቸው የሚነሡለት። ንፋስ መውጫ መንገድ ላይ ባጃጅ ቆሞ «አንዳርጌ፣ ግባ» ይለዋል። እኔ እድሜዬን ሙሉ በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ባጃጅ የቆመልኝ ሊገጨኝ ሲል ብቻ ነው።

ማታ ለዘነቡ እነግራታለሁ። «ዛሬ ደግሞ ምን አደረገህ?» ትለኛለች፣ የሰፈር ልጅ መትቶኝ የገባሁ ይመስል።

ያን ዓመት ትልቁ ለጋሻችን ድንገት እጁን ሰበሰበ። ባሕር ማዶ አንድ ሰው ብዕሩን ከደነና፣ ስማዳ ውስጥ ወገዳ ላይ የዓይን ቀዶ ሕክምናው ቆመ። የኛ አገር የዓይን በሽታ ትራኮማ ነው። ሲቆይ የዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ዓይንን እየፈገፈገ ያጠፋዋል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ የሚያስቸግረው ሐኪሙንና ሕመምተኛውን አንድ ቦታ ማገናኘቱ ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሰዉም እርሻ ላይ ነው። በበጋ ያልታከመ እስከ ሌላ በጋ ይጠብቃል። ዓይን ግን አይጠብቅም።

ሲስተር የሺ ሰበሰበችንና «ከክረምት በፊት አዲስ አጋር ካላገኘን የስማዳና የእስቴ ሰዎች ቀሩ» አለች። ጉዳዩ ይኼ ነበር። እኔ በጎን ሌላ ጉዳይ ነበረኝ፤ አጋሩን የማመጣው እኔ መሆን አለብኝ።

ለአንድ ፋውንዴሽን ጻፍኩ። አምሮ ነው የተጻፈው፣ ራሴ ሳነበው ኪሴን ዳበስኩ። መልሱ መጣ፤ «ለታላቅ ሥራችሁ ያለንን አክብሮት እየገለጽን» ብሎ ጀመረ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ከዚህ ወዲያ አያነብም። ፊቴ ሲጠቁር አንዳርጌ አየኝ።

«ምን አሉ?»

«እምቢ አሉ።»

«ደግ ነዋ።»

«ምኑ ነው ደጉ?»

«አንተ ዘነቡን ስታገባ አባቷ በመጀመሪያው ቀን እሺ አሉ?»

«እኔንማ ዓመት ሙሉ ነው ያመላለሱኝ።»

«አየህ። ወዲያው እሺ የሚል አማት ካገኘህ ልጅቱን ደኅና አድርገህ እያት። ጌቴ፣ ገንዘብ አይለመንም፤ ይታጫል። ለማኝ ‘እግዜር ይስጥህ’ ሲሉት ወደ ሌላ ደጅ ያልፋል። ሽማግሌ ግን እምቢ ሲሉት ይመለሳል። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሽ የሚባል ቃል ከቢሮአችን ጠፋ። «አማቾቻችን ምን አሉ?» ሆነ ወሬው። ሲስተር የሺ ሳትቀር «አማቾች» ማለት ጀመረች። እኔ ብቻ ጥርሴን ነክሼ «ለጋሽ» እላለሁ።

እምቢ ያለን ፋውንዴሽን ሠራተኛ፣ ከናይሮቢ የምትመጣ ግሬስ የምትባል ሴት፣ ደብረ ታቦር ሆቴል ውስጥ የተለያዩ ድርጅቶችን ልታነጋግር መሆኑን አንዳርጌ ሰማ። ደውሎ፣ ደጋግሞ ደውሎ፣ ትንሽ ሰዓት አስፈቀደ። እኔ ከፕሮጀክተሬ ጋር ተዘጋጀሁ። ሥዕል አለው፣ ግራፍ አለው፣ ቀለሙ ልብ ይሰርቃል። አንዳርጌን «አንተስ ምን አዘጋጀህ?» አልኩት። «ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። ቀልድ መሰለኝ።

በቀጠሮው ቀን ፕሮጀክተሬን አብርቼ «እንኳን ደኅና መጡ» ከማለቴ በሩ ተከፈተና ሽማግሎች ገቡ። ከወገዳ የቅኔ መምህሩ የኔታ ጥበቡ፣ ከንፋስ መውጫ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ ከእስቴ ደግሞ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ። ገብተው ተሰልፈው ቆሙ። የቆሙት ፕሮጀክተሩ ፊት ነው። ስንት ሳምንት የደከምኩበት ግራፍ የኔታ ጋቢ ላይ ወጣ።

ግሬስ ወንበር እያሳየች «እባካችሁ ተቀመጡ» አለች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

የኔታ «ቃሏን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ።

«መቆም ይመርጣሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

«አሟቸዋል እንዴ? ወገባቸውን ነው?»

ሐጂ ሰይድ በንግድ ምክንያት ትንሽ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። «ጌትነት» አሉኝ፣ «ያልነውን ንገራት እንጂ አታሳጥር። ጨርቅ አይደለም።»

አንዳርጌ ተነሣ። ቁልፉን ቆለፈ። በእኛ አገር ዝምድና የሚፈልግ ሰው ራሱ እንደማይጠይቅ፣ የተከበሩ ሰዎችን እንደሚልክ፣ የተላኩትም ቃል ሳይሰጣቸው እንደማይቀመጡ ነገራት። ሴትዮዋ እያየችው የነበረውን ስልክ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ በፊት ማንም ሲናገር አልገለበጠችውም።

አያ ደሴ አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለ ነገር አይታ «ያ ምንድን ነው?» አለች።

«ወረንጦ ነው» አሉ አያ ደሴ። «ሽፋሽፍቴን መንቀያ። በፊት ሚስቴ ነበረች የምትነቅልልኝ። አሁን እሷም አታይም። እኔ የሷን፣ እሷ የኔን፣ በዳበሳ ነው።»

ይኼን ሳላሳጥር ተረጎምኩ።

ግሬስ ወረንጦውን በእጇ ይዛ አየችውና «እኔ ብቻዬን አልወስንም» አለች። «ቦርዱን ማማከር አለብኝ።»

ልቤ ሞተ። በእኛ ሙያ «ቦርድ ላማክር» ማለት «ደኅና ሁኑ» ማለት ነው። በኀዘን ተረጎምኩት። የሽማግሎቹ ፊት ግን በራ። «ዘመድ ላማክር አለች» አሉ የኔታ። «ወግ የምታውቅ ሴት ናት። በሉ እንቀመጥ።» ተቀመጡ። ተቀምጠውም አልሄዱም፤ «ቀጠሮውስ?» አሉ። ሽማግሌ ቀጠሮ ሳይቆረጥለት ከደጅ አይመለስም። ግሬስ እየሳቀች ከፋሲካ በኋላ ቀን ቆረጠች። በእኔ ዘመን ሁሉ ለጋሽ ቀን ቆርጦልኝ አያውቅም።

ልንወጣ ስንል ግን ሳቋን አቁማ «እኔ ቦርዴን ሳማክር እናንተስ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» አለች።

አንዳርጌ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጥሎሽ ጠየቀች። የኛው ሰው ናት» አለ።

ጥሎሹን ማሰባሰብ ተጀመረ። ድንኳኑን ዕድሮች እሺ አሉ። ታካሚ የሚያርፍበት ቤትና ስንቅ የየቀበሌው ሰው ቻለ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ መኪና። ከዚያ ሁሉ ቀበሌ ሰው ተሰብስቦ የሚመጣበት፣ ዓይኑ ታስሮ የሚመለስበት። ያለ መኪና ድንኳኑ ባዶ ድንኳን ነው፤ ግሬስም በስልክ ይህን ለይታ ጠይቃለች።

እዚህ ላይ ነው ቅናቴ መላ ያመጣልኝ። መካነ ኢየሱስ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ የእህል ነጋዴ አሉ፤ የጭነት መኪኖች አሏቸው። እኔስ ሽማግሌ መላክ ያቅተኛል? የኔታን ለመንኩ፣ እሺ አሉ። አያ ደሴም እሺ አሉ። ሐጂ ሰይድን ስጠይቃቸው «አንዳርጌ አለበት?» አሉኝ። «የለበትም» አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ ገበያ አለብኝ» አሉ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ኮቴን ለብሼ፣ ሁለቱን ሽማግሎች አስከትዬ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ቢያድግልኝ ደጅ ደረስን። ሰውየው ወጥተው «ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

«ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ የኔታ።

አቶ ቢያድግልኝ አዩን። የኔታን ጋቢ አዩ፣ የአያ ደሴን ዱላ አዩ፣ የእኔን ኮት አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ቆዩኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሹክሹክታ ሰማን። በጓሮ በኩል በግ ሲጎተት ሰማን። ሚስታቸው አዲስ ነጠላ ለብሰው ብቅ አሉና አፍረው ተመለሱ። አቶ ቢያድግልኝም ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው፣ ባርኔጣ ደፍተው ወጡ።

ለካ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ግሬስ የናይሮቢ ሰው ናት፤ ሽማግሌ ሲቆምባት ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። የእስቴ ሰው ግን ሽማግሌ ደጁ ከቆመ አይጠይቅም፤ በግ ይስባል። ይኼን ማሰብ የነበረበት እኔ ነበርኩ፤ እኔም እዚሁ አገር ነው የተወለድኩት።

«እንግዲህ ተናገሩ» አሉ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ስለ ዓይን ነው።»

«ስለ ምን?»

«ዓይን። በጊዜ ካልታከመ መጥፋቱ ነው።»

አቶ ቢያድግልኝ ጎረቤቶቻቸውን አዩ። «ልጁ ዓይኑን ያመዋል ማለት ነው?»

«የትኛው ልጅ?» አልኩ እኔ።

«የምታጩለት ነዋ። ልጄን ለዕውር ልትድሩብኝ ነው የመጣችሁ?»

ከመጋረጃው ኋላ የልጅቱ ሳቅ ተሰማ። ያን ጊዜ ጭነት መኪና ፈልገን መሆኑን ተናገርኩ። ምነው ባልተናገርኩ።

«ሽምግልና መጫወቻ ነው?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። «በልጄ ስም ጎረቤት ያስጠራችሁኝ ለመኪና ነው?» ወጣን። ከዚያ ዘመቻዬ የተጠቀመ ቢኖር በጉ ነው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ንፋስ መውጫ ገባ። ሲስተር የሺ ራሷን ይዛ «ጌትነት፣ ክረምቱ እኮ ደርሷል» አለች፤ ሌላ አልተናገረችኝም። አንዳርጌ ግን አልሳቀም። «ነገ እንሄዳለን» አለኝ።

በማግስቱ አቶ ቢያድግልኝ ደጅ ደረስን። አንዳርጌ ከመንገድ ዳር ደኅና ድንጋይ መረጠ። በዚያ ልኩ በሆነው ኮት ላይ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ በሩ ላይ ቆመ። በእኛ አገር ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

«ድንጋዩን ለእኔ ስጠኝ እንጂ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

«አንተ ዝም በል። ኃላፊው እኔ ነኝ።»

አቶ ቢያድግልኝ ወጡ። «የላክኋቸው እኔ ነኝ» አለ አንዳርጌ ከድንጋዩ ሥር። «ወጉን ሳልጠብቅ ላክሁ። የልጅዎን ስም አጉድፌ ከሆነ ስለ ማርያም ይቅር ይበሉኝ።» መንገደኛው ቆሞ ያያል። ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ ጎኑ ቆሜ ምን እንዳሰብኩ ልናገር? ድንጋዩ እንኳ አመረበት ብዬ ነው ያሰብኩት።

አቶ ቢያድግልኝ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱ፤ ተቃቀፉ። እንባ ቀረሽ ሆነ። ከዚያ ተቀምጠን ስለ ዓይን ስናወራ፣ የሰውየው እናት በዚሁ በሽታ ዓይናቸው ጠፍቶ መሞታቸው ወጣ። «መኪኖቹን ውሰዱ» አሉ። «ሾፌሩም ነዳጁም የኔ ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ግሬስ በቀጠሮዋ መጣች። ድንኳኑን አየች፣ ቤቶቹን አየች፣ መኪኖቹን አየች። ሽማግሎቹ ደግመው ቆሙ፤ ቦርዱ እሺ ማለቱን ነገረቻቸው፤ ተቀመጡ። ሐኪሞቹ ወገዳ ገቡ፤ ቀጥለው መካነ ኢየሱስ። ዝናብ ከመያዙ በፊት አያ ደሴና ሚስታቸው ሁለቱም ታከሙ። ሰዉ በየመንገዱ ጭነት መኪናውን ሲያይ «የአንዳርጌ መኪና መጣ» ይላል። የአንዳርጌ። በግ አስጎትቼ፣ ተዋርጄ ያገኘሁት መኪና። አንድ ሰው እንኳ «ጌትነት ባይሳሳት ኖሮ» አላለም፤ ራሴ ነኝ ለዘነቡ የምላት። እሷም «ባትሳሳት ኖሮ» እያለች ዳቦ ትቆርሳለች።

ዘንድሮ አንድ ጠዋት ሲስተር የሺ ደወለች። አንዳርጌ ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄዶ ልቤን አመመኝ ብሎ ነበር፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ስልኩን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዘነቡ «ተነሣ፣ ብርድ ነው» ብላ ጋቢ ደረበችብኝ።

ለሰልስቱ እስቴ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ እናንየ ከሴቶቹ መካከል አየችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ አብጧል። የመጣልኝን ተናገርኩ።

«እናንየ፣ ልደብቅሽ አልችልም። እኔ በሱ እቀና ነበር። እስከ ቀብሩ ድረስ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እሱን ማን አጣው» አለች። «ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወራኝ ስላንተ ነው። ‘ዛሬ ጌትነት ፊቱን አጠቆረብኝ’ ካለ ሥራው ሰምሮለታል ማለት ነው፤ ራቱን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ‘ዛሬ ጌትነት አመሰገነኝ’ ያለ ቀን ግን እህል አይቀምስም። ‘አንድ ነገር አበላሽቻለሁ፤ ምን ይሆን?’ እያለ ያድራል።»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«አሁን አንተም ቶሎ ብለህ ሌላ የምትቀናበት ሰው ፈልግ» አለችኝ። «አለዚያ ሥራው ይቆማል።»